ገበያ ቁጥር አሥራ ሰባት

ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የወረቀት ክፍሉን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። ጥቁር፣ ተረከዙ ያለቀ፣ ጎኑ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ጫማ፤ ከባለቤቱ እግር አልወለቀም። «እትዬ?» አለች። ሁለተኛ ተጣራች። ባልዲዋን እዚያው ጥላ ወጣች።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሳጅኗ ከውጭ ቀርታ የሴትየዋን ቃል መቀበል ጀመረች፤ እሱ ብቻውን ገባ። ክፍሉ ከጦርነቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ነበር። የዋናው ሕንፃ ጣራ በመድፍ ከተነሳ ወዲህ ግን ከእሳት የተረፈ ወረቀት ሁሉ እዚህ ነው የሚኖረው። የብረት መደርደሪያዎቹ እስከ ጣራ ይደርሳሉ። መስኮቱ መስታወት ስለሌለው ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ላስቲኩ እንደ ታማሚ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል።

ሟቿ የዋጋ መምሪያው አራሚ ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ደቃቃ ሴት። በጀርባቸው ወድቀው የጭንቅላታቸው ኋላ የመደርደሪያውን ጠርዝ መትቶታል። ደሙ ከደረቀ ቆይቷል። አጠገባቸው የብረት መሰላል ተጋድሟል። ማንም ቢያይ ከመሰላል ወድቀው ነው ይላል። ኢንስፔክተሩም ይህንኑ ሊል አፉን አዘጋጅቶ ሳለ ቀኝ እጃቸው መጨበጡን አየ።

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ። አንዲት ወረቀት ናት፤ የላይኛው ጥግዋ ተቀዷል። ዘርግቶ አነበባት።

«ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ከተማ ነዋሪዎቿ ሙሉ በሙሉ ለቀው ወጥተዋል። በአካል ሄጄ አረጋግጫለሁ።» ከሥሩ ማዕረግና ፊርማ። በኅዳጉ ላይ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «17» ብሎ ጽፎበታል።

ፊርማው የራሱ ነው።

የሳጅኗ ኮቴ ተሰማ። እጁ እሱን ሳያማክር ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ከስድስት ዓመት በፊት እሱ የመቶ አለቃ ነበር። ጠላት ከተማዋ ውስጥ መሣሪያ ደብቋል ተባለና፣ ሰው መኖር አለመኖሩን አይቶ እስከ እኩለ ቀን ሪፖርት እንዲልክ ታዘዘ። ድልድዩ ድረስ ሄደ። አልተሻገረም። ዝናብ ነበር፤ ደክሞት ነበር፤ ከማዶ በቅሎ እየነዳ የመጣ አንድ ሽማግሌ «ሁሉም ወጥቷል ልጄ» አለው። ቆሞ ጻፈ። መድፉ ሦስት ቀን ጮኸ። ያልወጡ ሰዎች እንደነበሩ የሰማው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ አራስ የነበረባቸው ቤቶች፣ የታመመ ሰው ተሸክመው መውጣት ያልቻሉ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው አንዷ የሚስቱ እናት ነበሩ። ሚስቱ እናቷ ከተማዋ ስትመታ እዚያ እንደነበሩ ታውቃለች። ባዶ ናት ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ አታውቅም።

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አለ ሳጅኗ ስትገባ።

ሳጅኗ ከገጠር ጣቢያ የመጣች፣ ስትናገር ዝግ የምትል፣ ስትጠይቅ ግን እንደ ጥርስ ሐኪም የማትራራ ሴት ናት። መልስ ሳትሰጥ ጎንበስ ብላ የሟቿን እግር አየች።

«ይቺ የጽዳት ሠራተኛ አንድ ነገር እያለችኝ ነው ኢንስፔክተር። ነይ እስቲ እህት፣ አትፍሪ፣ ድገሚላቸው።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ከደፉ ሳታልፍ፣ ፊቷን ወደ ውጭ እንዳዞረች፣ «እትዬ በጫማ መሰላል አይወጡም» አለች። «አንዴ አዳልጧቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አውልቀው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የሚወጡት። ኃላፊው እንኳ ‹ሊጸልዩ ነው እንዴ የሚወጡት?› እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«ግቢው ሁሉ ነዋ። ቢሮ የሚውል ሁሉ።»

ሳጅኗ ቀና አለች። «እንግዲህ መሰላሉን አጠገባቸው ያጋደመው ሰው ቢሮ የሚውል አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። ሲያውቀው እጁን አወረደ።

* * *

የመምሪያው ኃላፊ በስደት ሲያስተምር ኖሮ አገር ሲረጋጋ የተመለሰ ሰው ነው። የጠረጴዛው አንድ እግር በጡብ ተደግፏል። ሲናገር ክርኑን ካሳረፈበት ጠረጴዛው ዘንበል ስለሚል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ነው የሚያወራው።

«ጦርነቱ የበላው ሰውና ሕንፃ ብቻ አይደለም» አለ። «ማወቅን በልቷል። ስንት ሰው እንዳለን አናውቅም፤ ስንት ኩንታል እንዳለን አናውቅም። እህል ከውጭ ይመጣል፤ ወዴት እንላከው? ዋጋ የናረበት ቦታ ረሃብ አለ፤ ወደዚያ ነው የምንልከው። ለዚህ ነው ሃያ ሦስት ገበያ ላይ ሃያ ሦስት ዋጋ ሰብሳቢ ያሰማራነው። በየሳምንቱ ወርደው፣ ራሳቸው መዝነው፣ ቅጽ ሞልተው ያመጣሉ። እትዬ ያርማሉ። ዛሬ ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያውን የዋጋ መግለጫ ልናወጣ ነበር።»

«ገበያዎቹን ማን መረጣቸው?» አለች ሳጅኗ።

«ከእሳት የተረፈች አንዲት የድሮ ዝርዝር አለች። እሷን ወሰድን። ሥራ ላይ የምንጠራቸው በቁጥር ነው፤ ስማቸውን የማየው ዝርዝሩን ስከፍት ነው።»

ኢንስፔክተሩ «አሥራ ሰባት የት ነው?» ሊል ይችል ነበር። ጥያቄው ምላሱ ላይ ተቀምጧል። «ከእትዬ ጋር የተጣላ ሰው አለ?» አለ በምትኩ።

«ባለ መጋዘኑ» አለ ኃላፊው ወዲያው። «የእህል ነጋዴ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ዋጋዬን ሰረዙብኝ ብሎ ጮኸባቸው። እኔ ስወጣ ገና እየጮኸ ነበር።»

ዘበኛው የእንግዳ መዝገቡን በሁለት እጁ አቀረበ። ቅዳሜ ከሰዓት የተጻፈው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ ባለ መጋዘኑ። መግቢያ ሰባት ሰዓት፤ የመውጫው ቦታ ባዶ።

«ሲወጣ ለምን አልጻፍክም?»

«እንደዚያ ተኮሳትሮ ሲወጣ እንዴት ብዬ አስቁሜ ልጻፈው ጌታዬ? እስክሪብቶውን ይሰብርብኛል።»

«ከዚያ በኋላስ ሰው ገባ?»

«ኧረ ማንም ሰው አልገባም።»

ኢንስፔክተሩን ደስ አለው። ደስ ማለቱን ሲያውቅ አንገቱ ድረስ ጋለ። «ባለ መጋዘኑን አምጡልኝ» አለ።

* * *

ባለ መጋዘኑ ሰፊ ሰው ነው። ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

«ጮኸህባቸዋል?»

«ጮኼያለሁ። እኔ ለሚስቴም እጮኻለሁ፤ ይኸው ደህና ናት።»

«ለምን ጮኽክ?»

«የወንዙ ዳር ሰው እያለቀ ነዋ ጌታው። እህል አይቀመስም። መንግሥት ግን ወደ ወንዙ ዳር መላክ አቆመ። ለምን ስል በዚያ አካባቢ ርካሽ ነው፣ ቅጹ እንደዚያ ይላል አሉኝ። የቱ ቅጽ? እዚያ የምሸጠው እኔ ነኝ። ዋጋዬን ጽፌ ባመጣ ነጋዴ ነህ፣ ዋሽተህ ነው ብለው እትዬ በቀይ ሰረዙት። ቅዳሜ ግን ለዘብ አሉልኝ። ‹ሂድ፣ እኔም ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ› አሉኝ። ያን ሰምቼ ወጣሁ።»

«ዘበኛው ተቆጥተህ ወጣህ ይላል።»

«ፊቴ ነው። ምን ላድርገው?»

ሳጅኗ ሳቋን ወረቀቷ ውስጥ ደበቀች።

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

«ትራፊክ ፖሊስ ጋ። መኪናዬ የኬላ እንጨት ገጨችና እስኪመሽ አቆዩኝ። የራስህ ሰዎች ናቸው፣ ጠይቃቸው።»

«እናጣራለን» አለ ኢንስፔክተሩ፤ የእስር ትእዛዙን ግን ፈረመ።

አላጣራም። ሰኞ ከሰዓትም፣ ማክሰኞም። ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ከጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የባለ መጋዘኑ ሚስት የምሳ ዕቃ ይዛ በቢሮው ደጃፍ ስታልፍ በሩን ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል። የተዘጋ በር ኋላ ተቀምጦ፣ ያ ሰው ጥፋተኛ ቢሆን ብሎ ከልቡ ይመኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ላይ ክፉ ነገር እንዲገኝ እንደዚህ ተመኝቶም አያውቅም።

* * *

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ካሏቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ የስፌት መኪናዋ ነው፤ እነሱ በተረፈው ይኖራሉ።

«ሸሚዝህን አውልቀው» አለችው ገና ሲቀመጥ። «የደረት ኪስህ ቁልፍ ሊወድቅ ነው።»

«ይቆይ።»

«ምኑ ይቆያል? በአንድ ክር ነው ያለው።» እጇን ሰደደች። እጇን ያዘው። ከፈለገው በላይ አጥብቆ ነበር የያዘው።

«አቤት አቤት» አለች እየሳቀች። «ምን ደብቀህብኝ ነው? ቆንጆ ናት?»

«የሥራ ወረቀት ነው።»

«የሥራ ከሆነ እሺ። እኔማ ጣውንት የመጣብኝ መስሎኝ።» እጇን አስለቅቃ ምሳውን አቀረበች። እሷ ራሷ አልበላችም፤ ጥርሷ ላይ መርፌ ይዛ እጅጌ ስታዞር ቆየች። ከዚያ መርፌውን አውጥታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጎረቤት ለእናትሽ ለቅሶ አትቀመጪም ወይ ይለኛል» አለች። «ስድስት ዓመት ሆነሽ ይሉኛል። አየሁ የሚል አንድ ሰው ሳይመጣ እንዴት ብዬ ነው የምቀመጠው? ማንን አቅፌ ነው የማለቅሰው?»

ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሳ።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ሳጅኗ ጠረጴዛውን በቅጽ ሸፍና አገኛት።

«ትራፊኮቹን ጠየቅኳቸው» አለች ቀና ሳትል። «ሳላስፈቅድዎ ነው። ባለ መጋዘኑ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት እነሱ ጋ ነበር፤ ሻይ ሁሉ ጋብዟቸዋል። ዘበኛው ደግሞ የእትዬን የጽሕፈት መኪና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲንጫጫ ሰምቷል። የመፍቻ ትእዛዙ ተዘጋጅቷል፤ የእርስዎ ፊርማ ነው የቀረው።»

ፈረመ። ፊርማውን ሲያይ ዓይኑን መለሰ።

«ሌላ ደግሞ» አለች። «ሃያ ሦስቱንም ቅጾች አነበብኳቸው። ሃያ ሁለቱ ገበያዎች እህል የሚሰፍሩት በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። የድሮው መስፈሪያ በጦርነቱ ማገዶ ሆኗል፤ የእናቴ መንደር እንኳ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። አንድ ገበያ ብቻ በእንጨት መስፈሪያ ይሰፍራል። አሥራ ሰባት ቁጥር።»

«የተረፈ መስፈሪያ ይኖራቸዋል።»

«እሺ ይኑራቸው። ‹አስተያየት› የሚለውን ሳጥን ያንብቡልኝ። ሌሎቹ ‹የለም› ብለው ነው የሚያልፉት።»

አነበበ። የአሥራ ሰባት ቁጥር ዋጋ ሰብሳቢ ጽሑፉ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። «ሽንኩርት ሻጯ ዛሬ አልወጣችም፤ ልጇን ልትድር ነው።» በሌላው ሳምንት፣ «የሸክላ ሠሪው አህያ ወለደች።» በሌላው፣ «ጨው የሚሸጡት ወንድማማቾች ታረቁ፤ አንድ መደብ ላይ ናቸው።» በመጨረሻው ቅጽ ላይ አራሚዋ በቀይ ከሥሩ ጽፈዋል፤ «በየሳምንቱ ደግ ነገር ብቻ?»

«ደስ የምትል ከተማ» አለች ሳጅኗ። «የት ናት ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኩት። ዝርዝሩን ከፍቶ አየ። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ናት፤ ለወንዙ ዳር ሁሉ ዋጋ የሚወሰደው ከእሷ ነው። ኢንስፔክተር፣ እኔ ወደዚህ ስመደብ በዚያ ነው ያለፍኩት። የቆመ ግድግዳ የለም።»

ኢንስፔክተሩ ቅጹን ከላይ ጀምሮ መልሶ አየ። እያሰበ መሰላት።

«ቅጹን የሚሞላው ጋሼ ሚዛን የሚሉት ነው» ብላ ቀጠለች። «ሚዛኑን ትከሻው ላይ አንግቶ ስለሚዞር።»

ዘበኛው ተጠራ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ሚዛን መጥቶ ነበር?»

«አዎ፤ ስምንት ተኩል ግድም፣ በብስክሌት።»

«ማንም አልገባም አላልክም?»

«ሰው ገባ ወይ ነው ያሉኝ» አለ ዘበኛው ተከፍቶ። «እሱ ሰው ነው እንዴ? ቤተኛ ነው። መዝገቡ የእንግዳ ነው።»

* * *

ጋሼ ሚዛን ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ በኪራይ ነው የሚኖረው። አልጋ፣ ወንበር፣ ሣጥን፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ባለ መንጠቆ ሚዛን። ከአናጢው ቤት የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ሃምሳ ቢሆነው ነው። ሲያያቸው አልደነገጠም።

«ሦስት ቀን ጠበቅኳችሁ» አለ። «ተቀመጡ። ወንበሩ አንድ ነው፤ አንዳችሁ አልጋው ላይ።»

ሳጅኗ ቆመች። ኢንስፔክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አሥራ ሰባት ቁጥር የለችም» አለች።

«የለችም። መጀመሪያ ሲልኩኝ ግን ሄጃለሁ። ይህን ጻፊልኝ፣ ሄጃለሁ። ከተማዬ ናት። ገበያው የነበረበት ላይ ቆሜ ሚዛኔን አወጣሁ። የምመዝነው የለም። ቅጹ ባዶ የመጣበት ገበያ ይሰረዛል አሉን። አንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ሞላሁ። ይኸው ስምንት ወር።»

«ዋጋውን ለምን ርካሽ አደረግከው?»

ጋሼ ሚዛን እንደማይገባት ልጅ አያት። «ታዲያ ለሞተ ሰው እህል ላስወድድበት? በሕይወት ሳሉ ተርበው ያውቃሉ። እኔ ስጽፍ ጥጋብ ነው። ሚስቴ ገበያ ወርዳ ዘንቢሏን ሞልታ ትመለሳለች።»

«በዚህ ምክንያት ለወንዙ ዳር እህል ቆሟል። ሁለት ወር ሙሉ።»

«ቅዳሜ ነው የሰማሁት» አለ። ድምፁ አሁን ተሰበረ። «እትዬ ነገሩኝ። ‹የሄዱትን ስታጠግብ ያሉትን አስራብክ› አሉኝ። እኔ አላሰብኩትም። ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር፣ መሳቢያ ገብቶ የሚቀር። እሺ፣ ይሰረዝ ልላቸው ከአፌ ሊወጣ ነበር። ያኔ አንድ ወረቀት አወጡ። ለጦር ሠራዊት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ጽፈው ያስመጡት ነው። ‹አይዞህ፣ ከተማዋ ስትመታ ሰው አልነበረባትም፣ መኮንኑ በአካል ሄዶ አረጋግጧል› አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሆናል። ሚስቴ የስምንት ቀን አራስ ነበረች እኮ። በአካል ሄጄ ይላል።»

መጋዙ ቆመ።

«ልቀድዳት ያዝኩ። እሳቸው አይለቁም፤ ወረቀት ለሳቸው ነፍስ ነው። ሳብኩ፣ ሳቡ። ከዚያ አፈርኩ፤ ከአሮጊት ሴት ጋር ስጓተት። ለቀቅኩ። ስለቅቃት እሳቸው ወደ ኋላ ሄዱ።» ዓይኑን ጨፈነ። «ያን ድምፅ አልነግራችሁም። ፈራሁና መሰላሉን አምጥቼ አጋደምኩት።»

«ወረቀቷስ?»

«እጃቸው ላይ ነበረች። ጨብጠዋታል። እኔ ጋ የቀረው ይህ ነው።» ከቅጽ ደብተሩ መሃል አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ አወጣ። ግማሽ ማኅተም አለባት።

ሳጅኗ ዝርዝሯን ገለጠች። «እጃቸው ላይ ምንም አልተገኘም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር መዝግቤያለሁ።»

«ጨብጠዋታል ስልሽ።»

«ያቺ ወረቀት ከሌለች ተጓተትን ያልከው ወሬ ነው ጋሼ። ገፍተህ ጣልካቸው ነው የሚባለው። ገብቶሃል?»

ጋሼ ሚዛን ወደ አልጋው ዞረ። «መጀመሪያ የገቡት እርስዎ ነዎት አሉ። እጃቸውን አላዩም?»

«አላየሁም» አለ ኢንስፔክተሩ።

ከስድስት ዓመት በፊት ያላየውን አየሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ያየውን አላየሁም አለ። በሁለቱም ቀን ቃሉ እንዴት ሳይደናቀፍ እንደወጣ ገረመው።

* * *

የጣቢያው አዛዥ ቢሮው ውስጥ ስልክ እየዘጋ ነበር።

«ሸጋ ሥራ ነው። የመምሪያው ኃላፊ ነው የደወለው። አሥራ ሰባት ቁጥር ተሰርዛ መግለጫው ነገ ይወጣል፤ ለወንዙ ዳርም መኪና መጫን ጀምረዋል። አንተም ነፍስ ግድያ ብለህ ዝጋው።»

«ተጓተትን ነው የሚለው። ድንገት ነው ይላል።»

«ማስረጃ አለው?»

«ቢኖረውስ?»

«ቢኖረውማ ሌላ ነገር ነው፤ ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል። ከሌለው ዕድሜ ልኩን ነው። አለው?»

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አየ። «ከምሳ በኋላ አሳውቅዎታለሁ» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሰማያዊ የተማሪ ልብስ እየሰፋች ነበር። ቆሞ ጠበቀ። መርፌው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ወረቀቷን አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠላት። የመኪናውን ጎማ በመዳፏ አቆመችው። አነበበች። መልሳ አነበበች።

«ፊርማው ያንተ ነው።»

«የኔ ነው።»

«በአካል ሄጄ ይላል።»

«ድልድዩ ድረስ ነው የሄድኩት። አንድ ሽማግሌ ሁሉም ወጥቷል አሉኝ። እናትሽም ከአክስትሽ ጋር ወጥተዋል ብዬ ነበር የማውቀው።»

«ከድልድዩ እስከ እናቴ በር ስንት ደቂቃ ነው?»

ያውቀዋል። ሊያጫት ሲመላለስ በእግሩ ለክቶታል። «ሃያ» አለ።

«አሥራ አምስት» አለች። «ቁልቁለት ነው።»

ስለ አራሚዋ ነገራት፤ ስለ ጋሼ ሚዛን፣ ስለ ቁራጯ፣ በሐሰት ስላሳሰረው ነጋዴ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ይቅር በይኝ» ሊል ጀመረ፤ እጇን አነሳች።

«አሁን አታናግረኝ። ያ ሰውዬ ጣቢያ ነው ያለው?»

«አዎ።»

መኪናውን በጨርቅ ሸፈነች፤ ሻርፗን ደረበች። «ተነስ» አለች። መንገድ ላይ አሥር እርምጃ ቀድማው ሄደች። ሊደርስባት ሲፈጥን እሷም ፈጠነች።

* * *

ሳጅኗ የጽሕፈት መኪናው ላይ ነበረች። ኢንስፔክተሩ ወረቀቷን ፊቷ አስቀመጠ። ቁራጯን ከፖስታ አውጥታ ጥጉ ላይ አገጣጠመችው፤ ግማሹ ማኅተም ሙሉ ሆነ። ፊርማውን አየች። እሱን አየችው። ሰኞ የፈረመውን የእስር ትእዛዝ ከፋይሉ አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችና ደግማ አየች።

«ከየት ተገኘ ልበል?»

«ከእጃቸው። አንቺ ከመግባትሽ በፊት የወሰድኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሳጅኗ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቃል ሰጪዎች የሚቀመጡበትን ወንበር በእግሯ ወደ እሱ ገፋች። «እንግዲህ እዚህ ጋ ይቀመጡ» አለች። ሽጉጡን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተቀመጠ።

«እርስዎስ እህት?»

«እኔም ቃል አለኝ» አለች ሚስቱ ቆማ። «ከተማዋ ባዶ አልነበረችም። ጻፊ።»

«ማን ማን ነበረ?»

«ከድልድዩ መጥተሽ በእናቴ ሰፈር ልጀምርልሽ። የመጀመሪያው ቤት የብስክሌት ጠጋኙ ነው። እሱ ወጥቷል፤ አባቱ ዓይናቸው አያይም፣ አልወጡም። ቀጥሎ የአዋላጇ ቤት፤ አራስ ጥላ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ቀጥሎ እናቴ። ከእናቴ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ባለ ወፍጮውና የታመመች ልጁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው።»

ጽሕፈት መኪናው እየተንጣጣ ተከተላት። ሲያቆም ከእስር ክፍሉ፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ፣ ድምፅ መጣ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለት ቤት አለ።»

ሚስቱ ዞረች። ሰውየውን ያኔ ነው ያየችው። «የማን?»

«አንዱ ባዶ ነው። አንዱ የኔ።»

«ስንት ሰው?» አለች ሳጅኗ።

«ሦስት። ሚስቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ ሕፃኑ።» ፍርግርጉን ያዘ። «አራት በዪው። እኔ ዱቄት ፍለጋ ስወጣ አዋላጇን ለምኜ እነሱ ጋ ነው የተውኳት።»

ሚስቱ ወደ ሳጅኗ ተመለሰች።

«እንግዲያ አዋላጇን ከቤቷ ሰርዢያት» አለች፤ «እዚያ ጻፊያት።»